በሁዳዴ የተቀመሰ ወተት

ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ይህን የማውቀው እናቴ ስትሞት ሰባት ዓመቴ ነበር ስለሚሉኝና ከዚያ በኋላ በአክስቴ በእታበባ ቤት አራት መስቀል ስለቆጠርሁ ነው፤ የልደት ወረቀት የሚባል ነገር እኛ ሰፈር አልደረሰም ነበር። የካቶሊኮቹ ቤተ ክርስቲያን፣ እኛ ግቢውን እንዳለ "ሚሲዮን" የምንለው፣ ከደብረ ማርቆስ ዳር፣ ባሕር ዛፉ አልቆ የገብስ ማሳ በሚጀምርበት ጥግ የቆርቆሮ ጣሪያውን ከሰቀለ ገና ሁለት ክረምት አልፎት ነበር። ዛሬ ማሳው የለም። በቦታው የብሎኬት ማምረቻ፣ ያላለቀ ፎቅና የባጃጅ ተራ ቆሟል። ሚሲዮኑ ግን አለ፤ ባለፈው እሑድ የምሥረታ በዓሉን አከበረ። ድንኳን ተተከለ፣ ድምፅ ማጉያ ተሰቀለ፣ በሬ ታረደ፣ የሰፈር ሽማግሌና ባልቴት ሁሉ ተጠራ። እኔም ተጠራሁ። ነጠላዬን አጥቤ፣ ጸጉሬን ቅቤ ቀብቼ ሄድሁ፤ ደሜ ፈልቶ ተመለስሁ። ይኸው ሳምንት ሊሞላኝ ነው፣ አልበርድ አለኝ። ስለዚህ ልጻፈው።

በር ላይ አንዲት ልጅ ለእያንዳንዳችን መጽሔት ታድላለች። ሽፋኑ ያብረቀርቃል፣ ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። "የቁምስናችን ታሪክና ተልእኮ" ይላል፤ ቁምስና የሚሉት አጥቢያውን ነው። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት በሚሲዮኑ ክሊኒክ፣ የሕመምተኛ ካርድ ላይ የተጻፈ ስም በጣቴ እየተከተልሁ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት እንኳ ሳላነብ አልጥልም። ሌላው ሰው ሥዕሉን ሲያገላብጥ እኔ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርሁ። የመሠረቱን ድንጋይ ማን እንዳኖረ አለ። ቆርቆሮውን ከባሕር ማዶ ማን እንደላከ አለ። ደወሉ በምን መኪና ተጭኖ የዓባይን በረሃ እንደወጣ እንኳ አለ። ተልእኮ በሚለው ምዕራፍ ደግሞ የታመመን ማከም፣ የተራበን ማብላት፣ ከጎረቤት ጋር በፍቅር መኖር ተብሎ ተጽፏል። አልዋሹም፣ አክመዋል፣ አብልተዋል። መካከል ላይ ግን አንድ ፎቶግራፍ አለ። ቀጭኗ ነጭ መነኩሲት ሲስተር ፒያ ክሊኒኩ በረንዳ ላይ ቆማለች፤ ከፊቷ ሕፃናት ተደርድረዋል፤ በቀኝ ዳር፣ ግማሽ ትከሻዋን ወረቀቱ ቆርጦባት፣ ነጭ ሻሽ ያሰረች ሴት ጣሳ ይዛ ትታያለች። ከሥሩ ምን ይላል? "ሲስተር ፒያ ከአካባቢው ሕፃናት ጋር።" አያችሁልኝ? አርባ ዓመት የደፈነችውን እታበባን ከሕፃን ቆጠሯት!

ሻሹን አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ገበያ ስትገዛው ቀሚሷን ይዤ አብሬያት ቆሜ ነበር። ሁለት ብር አሏት፣ "ሁለት ብር ለራስ? እግሬስ ምን ሊል ነው?" ብላ ነጋዴውን አሳቀችና በብር ከሰባ አምስት ወሰደችው፤ በተረፈችው ስሙኒ ለእኔ ሸንኮራ አስቆረጠችልኝ። ያኔ ስሙኒ ሸንኮራ ይገዛል፣ ከተረፈም ቆሎ ያስቋጥራል። አሁን ስሙኒውም የለም፣ እንደዚያ የሚጣፍጥ ሸንኮራም አላየሁ። ከገበያው መውጫ ጥግ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሬዲዮውን ከስፌት መኪናው አጠገብ አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ ያስጮኸዋል። እታበባ ዘፈኑን እዚያ ትሰማና ግጥሙን ሳትይዘው ዜማውን ብቻ ይዛ ትመጣለች፤ ለቀረው ቃል የራሷን ትሞላለታለች፤ ስለ ፍቅር የተዘፈነው እኛ ቤት ሲደርስ ስለ ጎመንና ስለ አይጥ ይሆናል። ከወገቧ ላይ አረንጓዴ መቀነት፣ ከእግሯ ላይ የተጣፈ ኮንጎ ጫማ አይጠፋም። ባሏ ልጅ አልወለድሽልኝም ብሎ የፈታት ሴት ናት። ጠላ ሸጣ ነበር የምትኖረው፣ ሲስተር ፒያ ክሊኒክ የምትረዳ ሴት ስትፈልግ ቁስል የማትጸየፍ እሷ ብቻ ተገኘችና ገባች። መርፌ ትቀቅላለች፣ ፋሻ ታጥባለች፣ መግል ትጠርጋለች። ማታ ስትመጣ እጇ በረኪና በረኪና ይሸታል። ዛሬም በረኪና ባሸተትሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ይታወቅልኝ፤ እታበባ ካቶሊክ አልሆነችም። ማንም ሁኚ አላላት፣ እሷም አላሰበችው። ማተቧ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ፣ ፍልሰታ፣ አንድ ጾም አልፏት አያውቅም። መርጡለ ማርያም ድረስ በእግሯ ሄዳ ተሳልማ፣ እግሯ አብጦ ሁለት ሳምንት ተኝታለች። በየወሩ በሃያ አንድ የሰፈሩ ሴቶች የሚጠጡት የማርያም ማኅበር ነበር፣ የዚያም ማኅበርተኛ ናት። ሰው ግን ስለ ሚሲዮኑ ያላወራው የለም። አንድ ዲያቆን በአጥሩ ቀዳዳ ሲያይ ከትግራይ የመጡት ቄሳቸው በግዕዝ ይቀድሳሉ፤ ተመልሶ መጥቶ "የእኛኑ ቅዳሴ ነው! አንድ ቃል አልሳቱም!" ብሎ ቢናገር ሰው ይብስ ተቆጣ። ሌላ ቋንቋ ቢሆን ይሻላቸው ነበር፤ የሚመሳሰል ነገር ነው ሰውን የሚያስፈራው። የእታበባ የንስሐ አባት መምሬ አላምረው ግን መጀመሪያ ላይ ምንም አላሉም። "ቁስል ማጠብ ጽድቅ ነው፤ አንገትሽን ጠብቂ" አሏት። ጠበቀች።

ከዚያ ኩፍኝ የገባበት ዓመት መጣ። ኩፍኙ ያልገደላቸውን ሕፃናት ክሳቱ ሊገድላቸው ሆነ፤ ዓይናቸው ብቻ ቀረ። ሲስተር ፒያ በጆንያ የዱቄት ወተት አስመጣች፤ እታበባ በትልቅ ድስት ትበጠብጠዋለች። ሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይመጣሉ፣ በረንዳው ላይ ይሰለፋሉ፣ ጣሳው ሲዘረጋላቸው ግን እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ይከታሉ። እኔ ካርዶቹን ይዤ ጥጉ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

"ወተት ደግሞ ዱቄት ይሆናል?" ትላለች አንዷ።

"ማተብ ያስፈታል አሉ፤ ልጁ ሲያድግ በራሱ እጅ ይበጥሰዋል አሉ" ትላለች ሌላዋ።

ከሰልፉ ፊት የቆመችው ጎረቤታችን ምንትዋብ ነበረች፤ ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ልጇ ይበልጣል ሁለት ዓመቱ፣ አንገቱ ራሱን መሸከም አቅቶት ትከሻዋ ላይ ወድቋል።

"ምንትዋብ፣ ስጪው እንጂ። ሕፃን ጾም የለበትም" አለቻት እታበባ።

"ጾሙን መቼ አልሁ? መርዝ ቢሆንስ? አንቺ ቅመሽው እስቲ።"

"ሁዳዴ ነው እኮ፣ እቴ።"

"እኮ! አንቺ የማትደፍሪውን እኔ ለልጄ ላጠጣው?"

እታበባ ድስቱን አየች፣ ልጁን አየች። ከዚያ ፊቷን ወደ አጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን አዙራ ሦስት ጊዜ አማተበችና ከጣሳው ጎንጨት አለች። ዋጠችው። "ይኸው አልሞትሁም" አለች። አንዲት ሴት ሳቀች፣ ሳቁ ተጋባ። ይበልጣልም ጣሳውን በሁለት እጁ ይዞ እስኪያንቀው ጠጣ። ከዚያ በኋላ ሰልፉ ሁሉ ጠጣ፤ ጣሳ የመለሰ አልነበረም። በማግስቱ ግን ይበልጣል አፉን ግጥም አደረገ፣ እታበባ ካልቀመሰችለት አይከፍትም። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ሕፃን ምን ያውቃል፣ ጨዋታ መስሎታል። እሷም በየቀኑ ታማትብና ትቀምሳለች፣ ማታ ቤት ስትመጣ ደግሞ ለቀመሰችው ስግደት ትሰግዳለች። ቆጥሬላታለሁ፤ ለአንድ ጉንጭ አርባ አንድ ስግደት።

ወሬው ከየት ወጣ? ከሰልፉ ነዋ! ከዚያው ልጆቻቸው ከጠገቡበት ሰልፍ! ሳምንት ሳይሞላ መንደሩ ሁሉ "እታበባ በሁዳዴ ወተት ትጠጣለች" አለ። ለምን እንደጠጣች የጨመረ አንድ አፍ አልተገኘም። ልጆች ከኋላዬ እየተከተሉ "የሚሲዮን ድመት፣ በሁዳዴ ወተት!" ይሉኛል። ድንጋይ ወርውሬ አንዱን ፈንክቼዋለሁ፤ አልጸጸትም።

አንድ ቀን መምሬ አላምረው እኛ ቤት መጡ። እታበባ አልነበረችም። መደቡ ላይ ተቀመጡ፣ ውኃ ሰጠኋቸው፣ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝ።

"ልጄ፣ የተሳለምሽው መስቀል ነው፣ እውነቱን ትነግሪኛለሽ። እታበባ በዚህ ጾም ወተት ቀምሳለች ወይስ ስሟን ነው የሚያጠፉት?"

"ቀምሳለች፣ አባቴ።"

"በዓይንሽ አይተሻል?"

"አይቻለሁ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሉና ተነሡ። ለምን ብለው አልጠየቁኝም። እኔም አልተናገርሁም፤ ቄስ ያልጠየቀውን መናገር ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። ነውር! የመጀመሪያውን ቃል መናገር ነውር ሳይሆን ሁለተኛውን መጨመር ነውር ሆነብኝ። ብዙ ዘመን እሳቸውን ብቻ ስራገም ኖርሁ፤ አሁን ግን በራሴም እናደዳለሁ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ምላስ ለማንቀሳቀስ የሚያንስ ዕድሜ አይደለም።

በወሩ በሃያ አንድ የማኅበሩ ተረኛ ምንትዋብ ነበረች። ቀኑ የጾም ስለሆነ ሴቶቹ ከሰዓት በኋላ ተሰበሰቡ፤ ሁሉም ነጠላቸውን በወጉ አጣፍተው ዙሪያውን ተቀመጡ፤ እኔ ከበሩ ሥር ከልጆቹ ጋር ነኝ። የማኅበሩ ሥርዓት የታወቀ ነው። ካህኑ ጽዋውን ይባርካል፣ ተረኛዋ ይዛ ትዞራለች፣ እያንዳንዷ በሁለት እጇ ተቀብላ ትጎነጫለች። ከዚያች ጽዋ የጠጣ ወገን ነው፤ ቢታመም ይጠየቃል፣ ቢሞት ይለቀስለታል፣ አጽሙ ያርፋል። መምሬ አላምረው ባረኩ። ምንትዋብ ይዛ ዞረች። እታበባ ጋ ስትደርስ እታበባ ተንበርክካ፣ የነጠላዋን ጫፍ መዳፏ ላይ አድርጋ ሁለት እጇን ዘረጋች። ምንትዋብ ጽዋውን በላይዋ አሳልፋ ከጎኗ ላለችው ሴት ሰጠች።

የእታበባ እጅ እንደተዘረጋ ትንሽ ቆየ። ከዚያ መጀመሪያውኑ ለዚያ ያነሣችው ይመስል ነጠላዋን አስተካከለችበት። ተነሥታ ብትወጣ እወድ ነበር፤ ጽዋውን ብትደፋው፣ "ልጅሽ ማን ባጠጣው ነው ዛሬ የሚተነፍሰው?" ብላ ብትጮህ እወድ ነበር። አልወጣችም። የመዝጊያውን ጸሎት እስኪያደርሱ ተቀመጠች፣ "አሜን" የሚባልበት ላይ "አሜን" አለች። ስንመለስ መንገድ ላይ፣ "እኔ ነኝ ለመምሬ የነገርሁት" አልኋት።

"ዋሽተሽ ነው?"

"አልዋሸሁም።"

"ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? አፍንጫሽን ጥረጊ፣ ሰው ያየናል።"

በማግስቱ ማለዳ ገና ጎሕ ሲቀድ ወደ አማኑኤል ከተማ ከሚሄድ ዘመድ ጋር አያይዛ ወደ ትውልድ መንደሯ ላከችኝ፤ ልጆቹ እንዳይሰድቡኝ ብላ ነው። እስከ ዳግም ትንሣኤ እዚያ ቆየሁ። ስመለስ መምሬ አላምረው ንስሐ አባትነታቸውን ትተዋል። ሌላም የሚቀበላት አልተገኘም። በመንገድ ሲያገኛት "እንዴት አደርሽ" የሚላት ነበር፤ ጾም ሲፈታ ግን ቤቷ የሚገባ፣ ዝክር ብታዘክር የሚቀምስላት አልነበረም። እንዲህ ሆና፣ ያችኑ መርፌ እየቀቀለች፣ መንግሥትም ሲለዋወጥ፣ እኔም ስዳርና ስፈታ፣ ሲስተር ፒያም አርጅታ ወደ አገሯ ስትመለስ፣ ኖረች። የመጨረሻ ሕመሟን ስትታመም የሚሲዮኑ ቄስ አልጋዋ ድረስ መጥተው "እማማ፣ በእኛ መካነ መቃብር ቦታ አለን" አሏት። በጎ አሳቢ ሰው ነበሩ፣ አልረሳቸውም። "አባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እኔ ግን የማርያም ማኅበርተኛ ነኝ" አለቻቸው። ማኅበርተኛ! ጽዋው ካለፋት ስንት ዘመኑ! ከቤቷ ደጃፍ የቅዳሴው ደወል የሚሰማት ሴት፣ የሰፈሯ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀበላት ቀርቶ በጭነት መኪና አማኑኤል አጠገብ ወዳለው መንደሯ፣ ወተቱን ወዳልሰሙት ሰዎች ወስጄ ቀበርኋት።

ወደ እሑዱ ድንኳን ልመለስ። ከምሳ በፊት ንግግር ተጀመረ። ማን ተነሣ መሰላችሁ? ይበልጣል! ያ አንገቱን ያልቻለ ሕፃን ዛሬ ሆዱ ከኮቱ አልፎ፣ ፎቅ ሠርቶ፣ የከተማው ትልቅ ሰው ተብሎ። ድምፅ ማጉያውን ጨበጠና "የዚህ ሰፈር ወላጆቻችን ከዚህች ቤተ ክርስቲያን ጋር ከመጀመሪያዋ ቀን አንሥቶ በፍቅርና በመከባበር ኖረዋል" አለ። ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ። ልጁን አልፈርድበትም፣ ማን ነግሮት ያውቃል? እናቱ ግን ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ታጨበጭብ ነበር።

መጀመሪያ ቆሞሱን፣ ቁምስናውን የሚመሩትን ወጣት ካህን ያዝኋቸው። መጽሔቱን ዘረጋሁላቸው። "አባ፣ ይህችን ሴት ያውቋታል?"

"አላውቃቸውም እማማ። ስማቸው ከመዝገባችን አልተገኘም፤ ምእመን ስላልነበሩ ይሆናል።"

"እኔ ልንገርዎ። በእናንተ መዝገብ የለችም፣ የእናንተ ስላልሆነች። በዚያኛውም መዝገብ የለችም፣ የእናንተ ናት ስለተባለች። እዚህ ላይ ያጻፋችሁትን ተልእኮ ግን እጇን ነክራ የሠራችው እሷ ናት። ሲስተር ፒያ ጆንያ አመጣች፤ ሕፃናቱን ያጠጣቻቸው እታበባ ናት!"

"እማማ፣ ይጻፉልንና በሚቀጥለው እትም..." ሲሉኝ ትቻቸው ወደ ምንትዋብ ሄድሁ። ዛሬ ምርኩዝ ይዛለች፣ ዓይኗ ሞራ ጋርዶታል፤ ምላሷ ግን እንዳለ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እርስዎ የምላትን ሴት ያን ቀን አፌ እምቢ አለኝ።

"አንቺ ምንትዋብ! ይህችን ታውቂያታለሽ?" ብዬ ፎቶውን አፍንጫዋ ላይ ደገንሁት።

"አንቺ ማለት ጀመርሽ? ጎሽ። ጣሳዋን አውቀዋለሁ።"

"ቅመሽው ብለሽ ያስቀመስሻት አንቺ ነሽ፣ ጽዋውን ያሳለፍሽባትም አንቺ ነሽ። አሁን ተቀምጠሽ ታጨበጭቢያለሽ?"

"እኔ ብቻ ነኝ? መስቀል ተሳልማ አይቻለሁ ያለችውስ ማን ናት?"

ፎቶውን ከአፍንጫዋ ላይ አወረድሁ። ሰው እየዞረ ያየናል። ምንትዋብ ምርኩዟን ጭኖቿ ላይ አጋድማ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች።

"ቄሱ ከልክለውኛል፤ ጽዋውን ከሰጠሻት አንቺም ከማኅበሩ ትወጫለሽ ብለውኛል። ሃያ ዓመቴ ነበር፣ ባሌ እንደሆነ ይገርፈኛል። ይኼ ምክንያት አይሆንም፣ አውቃለሁ፤ አትጩሂብኝ። በማግስቱ ምን እንዳደረገች ግን ታውቂያለሽ? አንቺ አማኑኤል ሄደሻል።"

"ምን አደረገች?"

"ሚሲዮን ሄድሁ። የት ልሂድ? ልጁ ገና አልዳነም!"

ከዚያ ነገረችኝ። ለልጇም ነግራው አታውቅም። በማግስቱ እታበባ እንደ ወትሮዋ በረንዳውን ጠረገች፣ መርፌውን ቀቀለች፣ ወተቱን በጠበጠች። ምንትዋብ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች። ተራዋ ሲደርስ እታበባ ጣሳውን ሞላች። ይበልጣል አፉን ገጠመ። እታበባ አማተበች፣ አንድ ጉንጭ ቀመሰችለት፣ ጣሳውን ለምንትዋብ ሰጠቻት። እስከ ፋሲካ ድረስ በየቀኑ እንዲሁ አደረገች።